«ፈረሱ ምን ሠራላቸው?»

የአያታችን የአርባ ቀን ተዝካር በወጣ ዕለት፣ እንጅባራ አጠገብ ባለው ግቢያቸው በተተከለው ድንኳን ውስጥ፣ ጠላው ሁለት ሦስት ጊዜ ከዞረ በኋላ ሁለት የሚያውቋቸው ሰዎች ስለ ሟቹ መከራከር ጀመሩ። አንደኛው ከተማ ገብቶ በእህል ንግድ የከበረ ጎልማሳ ነው፤ ሌላው ደግሞ ከአያታችን ጋር ለብዙ ዓመታት ጉግስ የተጫወቱ ሽማግሌ ናቸው። ጠላ እየቀዳሁ የሰማሁትን ነው የምጽፈው፤ የማን ወገን እንደሆንኩ ግን ከአሁኑ አልደብቅም።

ነጋዴው «ነፍሳቸውን ይማርና፣ ብርቱ ሠራተኛ ነበሩ፤ ነገር ግን ያፈሩትን ሁሉ ለፈረስ አበሉት» ሲል ጀመረ። «ፈረስ እንደ በሬ አያርስ፣ እንደ ላም አይታለብ። በዚያ ገንዘብ ከተማ ውስጥ ቦታ ገዝተው ቢሆን ዛሬ ልጆቻቸው የት በደረሱ! አበውስ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ብለው የለ?» ተረቱን ከጠራ በኋላ ክርክሩን የጨረሰ ይመስል ጋቢውን አስተካክሎ ተቀመጠ። ከዚህ ሌላ ያመጣው ነገር አልነበረም፤ ምንም ቢሉት ዞሮ ዞሮ ወደ ከተማው ቦታ ይመለስ ነበር።

ሽማግሌው ዋንጫቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ይህን ተረት እኔ የሰማሁት ከእርሳቸው አፍ ነው። ሴቷ ልጃቸው የስምንተኛ ክፍል ፈተና የምትቀመጥበት ሰኔ፣ ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና አላሳልፍ ሲል፣ በዳማው ፈረስ ከኋላቸው አፈናጠው ሲነጋጋ በር ላይ አደረሷት። ነጠላዋን አስተካክለውላት፣ ‹በይ እንግዲህ፣ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፤ ውጊያው የአንቺ ነው› አሏት። አብሬ ነበርኩ። አንተ ተረቱን የምትጠራው ፈረሱን ለመናቅ ነው፤ እርሳቸው ግን ልጃቸውን ለማበርታት ነበር የተናገሩት።»

ነጋዴው «እሱ የድሮ ጊዜ ነው፤ አሁን ባጃጅ አለ» አለ።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ለእኔ አብቅቶ ነበር ማለት እችላለሁ፤ ምክንያቱም እኔ በዚያ ግቢ አድጌ ያየሁትን ነጋዴው አላየም። አያታችን ዶሮ ሳይጮኽ የሚነሱት ፈረሱ ስለሚጠብቃቸው ነበር፤ እርሱን አብልተው ነው በሬዎቹን ጠምደው ወደ ገብስ ማሳቸው የሚወርዱት። ከመንገድ ሲመለሱም እርሳቸው ሳይቀመጡ በፊት ላቡ እስኪደርቅ በእግራቸው እየመሩ ያንሸራሽሩት ነበር፤ ከዚያ ውኃ፣ ከዚያ ሣር፣ ገብሱ በመጨረሻ። ፈረስ የበላውን ማስመለስ ስለማይችል የሆድ ሕመም ቶሎ እንደሚገድለው የነገራቸው ሐኪም ሳይኖር ያውቁ ነበር። ኮቴውን አንድ በአንድ እያነሱ በቀርከሃ ስንጥር ጭቃውን ሲያወጡለት፣ ፈረሱ አንገቱን አዙሮ የኮታቸውን ጀርባ በአፍንጫው ያሽ ነበር። እንግዲህ ሰነፍ ጌታ የማይወድ እንስሳ ደጁ ያሰረ ሰው፣ ትጋቱን ከዚያው እንስሳ አልተማረም ማን ይለኛል?

ሽማግሌው አሁንም አልለቀቁትም። «የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የዋሉትን ሰዎችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንወጣለን። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መላ፣ ባልቻን አባ ነፍሶ እያልን የምንጠራቸው በፈረሳቸው ስም እንጂ በገዙት ቦታ ነው እንዴ? እርግጥ ነው፣ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፤ ያላደረሰው ሰውስ የት ሆኖ ይዋጋ ኖሯል?»

ነጋዴው ለዚህ መልስ አላገኘም፤ የካሬ ሜትር ዋጋ አነሳ።

እኔን የሚያንገበግበኝ የእርሱ አነጋገር ብቻ አይደለም። ዛሬ ሰው ሲሞት እንዴት ኖረ ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ፤ ገና አፈሩ ሳይደርቅ ምን ትቶ ሄደ ይባላል፣ የቤቱ ቆርቆሮ ይቆጠራል። ጥር 23 ሲደርስ የሰው ፈረስ ተውሶ ፎቶ የሚነሳው ብዙ ነው፤ በማግስቱ የፈረሱ ጀርባ ቆስሎ እንደሆነ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። የግጦሹ ሜዳ ለከሰል በሚተከል ዛፍ ተሸፍኖ እያለቀ፣ በየከተማው ዕድሜ ልኩን ጋሪ ሲጎትት የኖረ ፈረስ ሲያረጅ አስፋልት ዳር ይጣላል፤ መኪናው በጥሩምባ እየገፋው ያልፋል፣ እኛም እያየን እናልፋለን። የደከመ እንስሳ ጥሎ መሄድ የለመደ ሰው፣ የደከመ አባቱን እንዴት እንደሚጦር እፈራለሁ። አያታችን የመጀመሪያው ፈረሳቸው ጥርሱ አልቆ ሣር ማኘክ ሲያቅተው ገብሱን አስፈጭተው በውኃ እየበጠበጡ በእጃቸው ይሰጡት ነበር፤ ይህ በነጋዴው ሂሳብ ኪሳራ ነው።

ማታ ሰው ሲበተን ነጋዴው አጎቴን ወደ ጎን ጠርቶ፣ ዳማውን ለጋሪ የሚፈልግ ሰው እንዳለና ሊያሻሽጥልን እንደሚችል ነገረው። አጎቴ ቃል አልመለሰለትም፤ ገብሱን በቁና ሰፍሮ ወደ ጋጣው ሄደ።