ሠላሳ አንደኛው ሐውልት

ለመጪው ረጅም የዕረፍት ቀን የወጣው የፕራግ ጉዞ ፕሮግራም ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ተለቋል። ካላያችሁት አይቆጫችሁ፤ የእናንተም ከተማ ግሩፕ ላይ መንትያው አለ። በኤክሴል የተሠራ ነው። በቀለም ተለይቷል። አረንጓዴው ፎቶ፣ ቢጫው ቪዲዮ፣ ቀዩ ሽንት ቤት። በሁለት ቀን 43 ቦታ። ሌሊቱን ከፍራንክፈርት በአውቶቡስ፣ ጠዋት ፊት ታጥቦ በቀጥታ ወደ ሥራ።

እነዚህን ፕሮግራም አውጪዎች አለማመስገን ግፍ ነው። እነሱ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር? ቭልታቫ ወንዝ ዳር ቁጭ ብለን ቡና እንጠጣ ነበር። ዝም ብለን ውሃውን እናይ ነበር። ሼም ነው! ለቁጭ ማለትማ ቤታችን ሶፋ አለን።

የቅዱስ ቪትን ካቴድራል ተመልከቱ። ግንባታው በእነሱ አቆጣጠር በ1344 ተጀምሮ በ1929 ነው ያለቀው። 585 ዓመት መሆኑ ነው። ምን ዓይነት ቀርፋፋ ሰዎች ናቸው? የእኛ ልጅ በ20 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ያውም ከነሰልፉ።

እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማደንቀው የቻርልስ ድልድይን ጉዳይ ነው። ንጉሡ ቻርልስ አራተኛ የድልድዩን የመሠረት ድንጋይ ያስቀመጠው በ1357፣ ጁላይ 9፣ ከንጋቱ 5፡31 ላይ ነው ይባላል። ዓመቱን፣ ቀኑን፣ ወሩን፣ ሰዓቱን በተርታ ስትጽፏቸው 1-3-5-7-9-7-5-3-1 ይመጣል። ከግራም አንብቡት ከቀኝ ያው ነው። ኮከብ ቆጣሪዎች መርጠውለት ነው ይላሉ። እንግዲህ አንድ ፕሮግራም አውጪ ይህን ኢንተርኔት ላይ አንብቦ ዝም ሊል ነው? ባለፈው ዓመት የሄደው ቡድን ልክ 5፡31 ላይ ድልድዩ ላይ እንዲገኝ ታዘዘ። የሐበሻ ልብስ ግዴታ። ቀሚስ አለ፣ ፀጉር አለ፣ ሜካፕ አለ፤ ስለዚህ ሴቶቹ ገና በውድቅት ተነሱ። ወንዶቹ ደግሞ ሴቶቹን ለመቆጣት አብረው ተነሱ። ወሩ ኦክቶበር ነበር። በዚያ ወር ፕራግ ላይ በዚያ ሰዓት ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ኤክሴሉ ላይ ግን ፀሐይ የሚባል አምድ የለም። አንዷ በብርድ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ «ሳቂ!» ትባላለች። ሌላዋ የቀሚሷን ጥልፍ ይዛ ጭቃ ትዘላለች። የተገኘውን ፎቶ አይቼዋለሁ። የሚታየው የፍላሽ ብርሃንና የአንድ ቅዱስ ሐውልት እግር ነው። 200 ላይክ አግኝቷል።

ከቡድኑ ጋር ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ፕሮግራሙን እሳቸውም አይተዋል። 5፡31 ይላል። የእጃቸው ሰዓት ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ነው የሚሠራው። ስለዚህ ጠግበው ተኙ። ቁርሳቸውን በሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መንገድ እየጠየቁ፣ ረፋዱ ላይ በ5፡31 ድልድዩ ላይ ተገኙ። ፀሐይ ወጥታለች፣ ጀልባው ይመላለሳል፣ አንድ ሽማግሌ አኮርዲዮን ይጫወታል። ቡድኑ ያኔ አሥራ አንደኛው ቦታ ላይ ደርሷል። ልጃቸው በድንጋጤ ደወለች።

«እማዬ፣ የት ነሽ?»

«እኔማ ቀጠሮዬ ላይ ነኝ። የጠፋችሁት እናንተ ናችሁ።»

ፕሮግራም አውጪው እስከ ዛሬ ይቅር አላላቸውም። ከተማዋ ግን ከእሳቸው ጋር ናት። አሮጌው የከተማ አደባባይ ላይ ከ1410 ጀምሮ ያለው ዝነኛ ሰዓት ብዙ ዓይነት አቆጣጠር አለው። አንደኛው፣ በወርቃማ መስመር የተሠራው፣ ቀኑን ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ ለ12 ይከፍለዋል። እንደ እኛው ከንጋት ነው የሚጀምረው! ይህን ለማየት ግን ቀና ብሎ ትንሽ መቆየት ይጠይቃል። የእኛ ሰዎች በየሰዓቱ የሚወጡትን ሐዋርያትና ደወል የሚደውለውን አጽም በስልካቸው ቀርጸው ሮጠዋል። የሰዓቱን ሠሪ ሌላ ከተማ ሄዶ እንዳይደግመው ዓይኑን አጠፉት የሚል አፈ ታሪክ አለ። ያንን ግን ቀርጸውታል፤ አስጎብኚው ሲያወራ።

የዘንድሮው ፕሮግራም 27ኛ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ፒንካስ ምኩራብ፣ 10 ደቂቃ፣ ግድግዳው ለፎቶ አሪፍ ነው።»

ግድግዳው ጌጥ አይደለም። ናዚዎች የፈጇቸው ወደ 78 ሺህ የሚጠጉ የቦሄሚያና የሞራቪያ፣ ማለትም የዛሬዋ ቼክ፣ አይሁዶች ስም ነው የተጻፈበት። ፎቅ ላይ ቴሬዚን ጌቶ ውስጥ ታጉረው የነበሩ ሕፃናት የሳሏቸው ሥዕሎች አሉ። አብዛኞቹ ልጆች ተገድለዋል። እዚያ ፊት ቆሞ ከንፈርን ማሾል ምን የሚሉት ጉድ ነው? ለቅሶ ቤት ገብተን ሬሳው አጠገብ ሰልፊ እንነሳለን? ለቅሶ መድረስ እናውቃለን የምንል ሰዎች! ወይ በወጉ ግቡና ስም አንብቡ፣ ወይ ተዉት። ያንን መስመር ደግሞ ዛሬውኑ አጥፉልን።

ወደ ምስጋናዬ። የምግቡም ነገር በሚገባ ታስቦበታል። ስቪችኮቫ የሚባለው፣ የበሬ ሥጋ በክሬም ስጎ፣ ተቀምጦ መብላት ስለሚጠይቅ ተሰርዟል። በምትኩ «ባህላዊ ምሳ፣ 7 ደቂቃ» ተብሎ ትርደልኒክ ገብቷል። በየጥጉ እሳት ላይ እየተሽከረከረ የሚጠበስ፣ ስኳር የተነሰነሰበት ጥቅል ነው። «ጥንታዊ የቼክ ባህል» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎለታል። የፕራግን ሰው ብትጠይቁት ይስቃል፤ ከተማዋን ያጥለቀለቃት በቅርብ ዓመታት፣ ለቱሪስት ተብሎ ነው። ውስጡ አይስክሬም ተሞልቶ ለካሜራ ይያዛል፣ ክንድ ላይ ይቀልጣል፣ ከዚያ ቆሻሻ መጣያ ይገባል። ረሃቡን የሚያስታግሰው ከቤት የመጣው ዳቦ ቆሎ ነው። እሱን ግን ማንም ፖስት አያደርገውም።

ታዲያ ለዚህ ሁሉ ውለታ ምን እንክፈል? ድልድዩ ላይ 30 ሐውልቶች ቆመዋል። ሠላሳ አንደኛው የእኛ ሰው ይሁን። በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው የተዘረጋ ዣንጥላ፣ አፉ «ቶሎ ቶሎ!» እንዳለ የተከፈተ። ብዙዎቹ ሐውልቶች ቅጂ ናቸው፣ ዋናዎቹ ከዝናብ እንዲተርፉ ተነስተዋል፤ የእኛንም ዋናውን ሙዚየም እናስቀምጠዋለን፣ ባይንቀሳቀስ። ጎረቤቱ ቅዱስ ዮሐንስ ኔፖሙክ ይሆናሉ። በ1393 በንጉሥ ትእዛዝ ከዚያው ድልድይ ወንዝ ውስጥ የተጣሉት ናቸው። ዛሬ ቱሪስት ሁሉ ዕድል እንዲሰጡት ሰሌዳቸውን እየዳበሰ ያብረቀርቀዋል። የእኛን ሰው የሚዳብስ ይኑር አይኑር እንጃ፤ ልግፋው የሚል ግን ይኖራልና ጥበቃ ይቁምለት።

ለምረቃው ጸሎት፣ ንግግር፣ እስክስታና የቡድን ፎቶ ተዘጋጅቷል። አራት ደቂቃ ተይዞለታል።