ይድረስ ለሰፈራችን ትራንስፎርመር፣ ባሉበት ጓሮ

ለክቡር ባለ 315 ኪሎ ቮልት አምፔር የሰፈራችን ትራንስፎርመር
ከተቃጠሉ ጓደኞችዎ ጋር በተጋደሙበት
ደሴ

ጉዳዩ፦ ጤነኛ ተብለው ስለ መሞትዎ

ክቡር ሆይ፣ «ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ?» ብዬ መጀመር ይገባኝ ነበር። የእርስዎ ጤና ግን በሰነድ የተረጋገጠ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ሦስት ባለሙያዎች በመኪና መጥተው፣ ሜገራቸውን (የሽቦው መሸፈኛ ከረንት ያፈስስ እንደሆነ የሚለካውን መሣሪያ) አገናኝተው፣ ቁጥሩን አይተው «ደህና ነው» ብለው ጽፈዋል። የሞቱት ከዚያ በኋላ ነው፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ። ወረቀቱ እስከ ዛሬ ስላልተሻረ እኔም ለደህና ሰው እንደሚጻፍ እጽፍልዎታለሁ።

እኔን ያውቁኛል። ከእግርዎ ሥር ያለው ወፍጮ ቤት የኔ ነው። የወፍጮ ሰው ደግሞ ኑሮው በጆሮው ነው። ድንጋዩ መወቀር ሲያምረው፣ ቺንጋው (ሞተሩን ከድንጋዩ የሚያያይዘው ቀበቶ) ሲላላ፣ ኩሽኔታው ሊሄድ ሲል ዓይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ። እርስዎንም እንዲሁ አውቅዎት ነበር። ሌሊት ሰፈሩ ጸጥ ሲል «ምምም» ይሉ ነበር፤ ሳያቋርጡ፣ ሳይጣደፉ፣ ዱአ ላይ እንደተቀመጠ ሽማግሌ።

ያ ሐሙስ ሌሊት የጦሳ ተራራ ነፋስ የባሕር ዛፉን ቅርንጫፍ ገንጥሎ ሽቦው ላይ ጣለው። ሁለቱ ሽቦዎች ተጋጩ። ሰማያዊ ብልጭታ፣ «ዷ!»፣ እርስዎም ምሰሶዎ ላይ እንደ ደነገጠች በቅሎ ተርገፈገፉ። ጠዋት ፊውዝ ተቀየረ፤ መብራት መጣ፤ ግማሹ ሰፈር «አልሐምዱሊላህ»፣ ግማሹ «ተመስገን» አለ። እኔ ግን ያን ምሽት ድምፅዎን ሰማሁት። «ምምም» ቀርቶ «ርርርም» ሆኗል። ውስጥዎ አንድ የተፈታ ነገር ነበር።

ሄጄ ተናገርኩ። ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት መስኮት 3 ላይ ተሰለፍኩ፤ መስኮት 5 ነው ተባልኩ፤ መስኮት 5 «ማመልከቻ ይዘው ይምጡ» አለኝ፤ ማመልከቻ ይዤ ስመጣ ሰዓቱ የቡና ሆነ። (የቀረውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ እዚያው ሰልፍ ላይ አይቻችኋለሁ።) በመጨረሻ የደረሰችኝ ልጅ፦

«ይሠራል አይደል ታዲያ?»

«ይሠራል፤ ግን ድምፁ ተቀይሯል።»

«አብሽሩ!»

አብሽር! እናቶቻችን ለታመመ፣ ለተከፋ፣ መንገድ ለመሸበት የሚሉት ቃል ነበር። አሁን መስኮት መዝጊያ ሆኗል።

12 ቀን ቆይተው ቀጥ አሉ። ማክሰኞ ባለሙያዎቹ ሲመጡ ወፍጮ ቤቴ በር ላይ ወደ ሃያ የሚጠጉ ሴቶች ማዳበሪያቸውን ደርድረው ተቀምጠው ነበር፤ ገብስ፣ ዘንጋዳ፣ የአንዷ ደግሞ የሰርግ ጤፍ። ወደ መሰላሉ ጠጋ ብዬ በትሕትና እንዲህ አልኩ፦ «ልጆች፣ ያ አደጋ ከደረሰበት ወዲህ ውስጡ የተንቀሳቀሰ ነገር አለ። ሳታዩት አትልቀቁት።»

አንደኛው ከላይ ሆኖ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ፦ «ጋሼ፣ ትራንስፎርመር በጆሮ አይመረመርም። የሚናገረው ይሄ መሣሪያ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷማ «ኸረ ዱቄቱ ጆሯቸው ገብቶ ነው!» አለች። ይቺ ሴት የዱቤ ደብተሬ ላይ ሦስት ገጽ አላት።

መሣሪያው ተናገረ፤ ደህና ነው። ተጻፈ። ተለቀቀ። መብራት መጣ፣ እልልታ ሆነ። እኔ ሞተሬን አላስነሳሁም። ለምን ቢሉ ቺንጋውን ፈትቼ በር ላይ አውጥቼዋለሁ፤ እንዲያውም አንዲት እናት ሕፃኗን እላዩ ላይ አስቀምጣዋለች። 10 ደቂቃ። ከዚያ ከሆድዎ አንድ የታፈነ ድምፅ፣ ጢስ፣ የዘይት ሽታ። ማዳበሪያዎቹ ተረሱ፤ ሁሉም ሮጠ።

ጢሱ ሳይበተን ባለ መሰላሉ ወደኔ ዞረ። «ሞተር ማን አስነሳ?»

ቺንጋውን አሳየሁት። ሕፃኑንም አሳየሁት። «ወፍጮ ነው የሚያቃጥለው፣ ሁሌም ወፍጮ ነው» አለና ስልኩን አወጣ። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተጠራሁ። የተዘጋጀ ወረቀት ጠበቀኝ፦ «ከአቅም በላይ ጭነት በመጠቀሜ ለደረሰው ጉዳት ምክንያት መሆኔን አውቄ፣ ወደፊት ላልደግመው…»። ካልፈረምኩ የወፍጮዬ መስመር አይቀጠልም። አራት ጉርድ ፎቶ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ ሦስት ምስክር። ፊርማዬ ብቻውን አልበቃም፤ አውራ ጣቴን ቀለም ነክረው አሻራ ወሰዱ። የሰርጉ ጤፍ ውጭ ተቀምጧል። ፈረምኩ።

አዎ፣ ፈረምኩ። ቺንጋው በወለቀ ወፍጮ ትራንስፎርመር ያቃጠልኩ የመጀመሪያው የወሎ ሰው ነኝ።

ማታ የእህቴ ልጅ መጣ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኤሌክትሪካል የሚማረው። ጣቴ ላይ የቀረውን ቀለም አይቶ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ዝም አለ፣ ከዚያ «አጎቴ፣ የእሱንስ አሻራ ወስደው ነበር?» አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ ለካ እርስዎም አሻራ አለዎት! ልጁ እንዳስረዳኝ ትራንስፎርመር ማለት ዘይት ውስጥ የተቀመጠ ክራር ነው። መሐል ላይ ብረት አለ፤ በብረቱ ዙሪያ ሁለት ጥቅል ሽቦ፣ አንዱ በአንዱ ላይ። ጥቅሉ ከጥቅሉ፣ ከብረቱና ከጋኑ ያለው ርቀት እንደ ክር ውጥረት ነው። ርቀቱ ከተነካ ቅኝቱ ይለወጣል። መርማሪዎቹም ይቃኙታል፤ በጥቅሉ አንድ ጫፍ 10 ቮልት ያህል የሆነች ደካማ ምልክት ይልካሉ፤ ከ20 ኸርዝ (በሰከንድ 20 ንዝረት ማለት ነው) ተነስተው እስከ 2 ሜጋ ኸርዝ እየወጡ በሌላው ጫፍ ምን ያህሉ እንደ ደረሰ ይለካሉ። ውጤቱ ወረቀት ላይ ሲሰመር ሁለቱን የደሴ ተራሮች፣ ጦሳንና አዝዋ ገደልን፣ ጎን ለጎን ያስቀመጡት ይመስላል፤ ሽቅብ ቁልቁል። የግራው ጥግ የብረቱን ነገር ያወራል፣ መካከሉ የጥቅሎቹን፣ የቀኙ ጫፍ የመውጫ ሽቦዎቹንና የመለኪያውን የራሱን ገመድ። ጤነኛ ሳሉ የተወሰደው መስመር አሻራ ይባላል። አደጋ ሲደርስ አዲሱን በአሮጌው ላይ ያነጥፉታል። ጦሳ በቦታው ካለ ደህና ነዎት። ጦሳ ወደ ሐይቅ ከሸሸ ግን ውስጥዎ ተንቀሳቅሷል።

የቅኝት አገር ሰዎች ነን እኮ! ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፤ አንድ ክር የጥፍር ያህል ሲላላ ከሩቅ የሚሰማ ሕዝብ። ድምፁ ተቀየረ ያልኩት እኔ ግን ተሳቀብኝ።

ያ የሐሙስ «ዷ» ምን እንዳደረገዎትም አሰላልኝ። እንደ እርስዎ ያለው ሰሌዳው ላይ 4 በመቶ ኢምፒዳንስ (ከረንትን የመገደብ አቅሙ) ከተጻፈበት፣ ሽቦ ከደጃፉ ሲጋጭ እስከ 25 እጥፍ ከረንት ሊያልፍበት ይችላል። ጥቅሎቹን የሚገፋው ጉልበት ደግሞ በከረንቱ ልክ አያድግም፤ ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። 25 ጊዜ 25፣ 625 እጥፍ። የውስጠኛው ጥቅል እንደ ተረገጠ ጣሳ ወደ ውስጥ ይጨማደዳል፣ የውጪው ወደ ውጪ ይለጠጣል፣ ማሰሪያው ይላላል። በሽቦው ላይ የተጠቀለለው ወረቀት ያን ዕለት ላይቀደድ ይችላል፤ ቆስሎ ይቆያል። ሜገር ደግሞ የሚያየው ወረቀቱ ያፈስስ እንደሆነ ብቻ ነው። የተጨማደደ ጥቅል አያይም። ጎኑ የተሰበረን ሰው ትኩሳቱን ለክቶ «ደህና ነህ፣ ተነስ፣ ተሸከም» ማለት ነው። ከቆሙበት ሲለቅቁዎት የመጀመሪያው የከረንት ጎርፍ ቁስሉን አባባሰው፤ የቀረዎት 10 ደቂቃ ነበር።

ይህ የአሻራ ምርመራ ትናንት የተገኘ ጥበብ አይደለም። ዲክና ኧርቨን የተባሉ ሁለት የካናዳ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1978 ጽፈውታል፤ ዓለም አቀፍ ደረጃውም እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቷል፣ ቁጥሩ 60076 ክፍል 18። (ቁጥሩን የጠቀስኩት መስኮት 5 «በየትኛው ደንብ?» ስለሚል ነው።)

ልጁ ሐቀኛ ነው፤ ሁሉን ነገረኝ። «አጎቴ፣ ይህን ምርመራ የሚያደርጉት ባብዛኛው ለማከፋፈያ ጣቢያ ትልልቆቹ ነው። ለምሰሶ ላይ ትራንስፎርመር የሚደክምለት የለም።» በዚያ ላይ ነገሩ ወግ አለው። መስመሩ ሁሉ መፈታት አለበት፤ ሰው እየጎተተው ክራር አይቃኝምና። የቮልቴጅ መምረጫው በፊት በነበረበት ቦታ መሆን አለበት። ብረቱ ላይ የቀረ መግነጢስ የግራውን ጥግ ሊያዛባ ይችላል። አሮጌ አሻራ ከሌለ ከአንድ ፋብሪካ ከወጣ መንትያ ጋር ያስተያያሉ፤ መንትያም ከሌለ ሦስቱን ፌዞች (የትራንስፎርመሩን ሦስት መስመሮች) እርስ በርስ፣ መካከለኛው በተፈጥሮው ከዳርና ዳሩ እንደሚለይ ሳይዘነጉ። አንባቢውም ልምድ ያለው ሰው መሆን አለበት፤ እንደ ሜገር ቁጥር አይቶ መሄድ አይደለም።

እሺ። ትንሽ ነዎት፣ ለትንሽ ሐኪም አይመጣም፣ ገባኝ። እኛም ትንንሾች ነን። ግን ልጁ እግረ መንገዱን የተናገራት ነገር እስካሁን እንቅልፍ ነሥታኛለች። ያ 4 በመቶ፣ ሆድዎ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ የተጻፈው፣ ራሱ ቢለካና ቢነጻጸር ኖሮ የጎላ መጨማደድ ሊያሳይ ይችል ነበር። እንደ አሻራው ረቂቅ አይደለም፤ ግን አሮጌ ፋይል አይፈልግም፣ መስኮት አይፈልግም። ማነጻጸሪያው ሆድዎ ላይ ተለጥፎ ከጭንቅላታችን በላይ ሲንጠለጠል ኖረ።

ታዲያ «አላየነውም» ቢሉ ምን ነበረበት? «ሜገሩ ይህን አያይም፣ ውስጡን አናውቅም» ማለት ያሳፍራል? አላውቅምን «ደህና ነው» ብሎ መጻፍ ግን አያሳፍርም። የኔ አራት ፎቶና አውራ ጣት ፋይላቸው ውስጥ አለ፤ ያንተ አንዲት መስመር የለችም! 19 ዓመት ሰፈር ያበራህ አንተ ማን እንደ ሆንክ የሚያውቅ ወረቀት የለም፤ ዱቄት የምፈጨው እኔ ግን እንደ ወንጀለኛ ተመዝግቤያለሁ! ጎረቤታችን ስኳር ያለባቸው እናት ኢንሱሊናቸውን በእርጥብ እንስራ ውስጥ ሸሽገው፣ በየሰዓቱ በእጃቸው እየዳሰሱ ነው ያደሩት። አንድ ሌሊት አይደለም፤ ስድስት ሌሊት። እሳቸውን ሄዶ «አብሽሩ» የሚል ካለ ይምጣና ፊት ለፊት ይበላቸው።

ይቅርታ ክቡር ሆይ፣ «አንተ» አልኩዎት።

ሌላ ቂም የለኝም፤ ማለት ትንንሽ ብቻ ነው። አምና የበሉብኝን ፍሪጅ ይቅር ብያለሁ። መብራት ከጠፋ በኋላ «መብራት ይጠፋል» የሚለውን ማስታወቂያም። የስልክ ቁጥሩን ተዉት።

ተተኪዎ ዓርብ መጣ። ኦና አይሱዙ ላይ፣ በገመድ ታስሮ፣ ያለ ትራስ፣ ኮብልስቶኑን እየዘለለ። እንዲህ ያለ ዕቃ ከመጓዙ በፊትና ከደረሰ በኋላ አሻራው ይወሰዳል፣ መንገድ ያንገጫግጨዋልና፣ ይላል ልጁ፤ ለትልልቆቹ ማለቱ ነው መቼም። ይሄኛው ሲወርድ አንድ ጥጉ ቀድሞ መሬት ነካ። ባለ መሰላሉ አየኝ። አየሁት። ሁለታችንም ምንም አላልንም።

ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ወጥቼ ከምሰሶው ሥር ቆሜ ድምፁን በስልኬ ቀዳሁት፤ ሁለት ደቂቃ። የእህቴ ልጅ ሲሰማ «አጎቴ፣ ይሄ እኮ 100 ኸርዝ ብቻ ነው፣ አሻራ አይደለም» ብሎ ሳቀብኝ። ይሁን። ቀኑን ጽፌ አስቀምጬዋለሁ። ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፤ ከጀርባው ውሻ ይጮኻል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ የኔ ሳል አለበት።

ከእግርዎ ሥር የነበረው ባለ ወፍጮ
(ፊርማና አሻራ)