ሲሮጡ የእኛ፣ ሲወድቁ የማን?

የሀገሬ ሰዎች፣ እስኪ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ኳስ ተጫዋቹ ፖል ፖግባ የታገደው በምን ምክንያት ነበር? ይህን ጥያቄ ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ በረንዳ ላይ ወይም ሠርግ ቤት ብጥለው ሳያንገራግር የሚመልስልኝ ሰው እንደማላጣ እርግጠኛ ነኝ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2023 መስከረም ቴስቶስትሮን በሚባለው ሆርሞን ምክንያት ከጨዋታ እንደታገደ፣ በ2024 የካቲት የአራት ዓመት ቅጣት እንደተጣለበት፣ ፍሎሪዳ ያለ ሐኪም ያዘዘለትን ማሟያ ምንነቱን ሳያውቅ ወስጃለሁ ብሎ ይግባኝ እንዳለና የስፖርቱ የግልግል ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ቅጣቱን ወደ 18 ወር እንዳወረደለት የሚተርኩልኝ ብዙ ናቸው። ስለ ጤንነቱ፣ ከወንድሙ ጋር ስለገባበት ጠብና ስለ ደሞዙም ይጨምሩልኛል።

አሁን ሁለተኛውን ልጠይቅ። ፀሐይ ገመቹ የታገደችው በምንድን ነው? በ2023 የቶኪዮ ማራቶንን ሁለተኛ ሆና የጨረሰችው፣ በአምስተርዳምም ሦስተኛ የወጣችው የእኛዋ ፀሐይ ማለቴ ነው። እርሷም በዚያው በ2023 መገባደጃ ጊዜያዊ እገዳ ተጣለባት፤ በኋላም ልክ እንደ ፖግባ አራት ዓመት ተፈረደባት፤ ከመጋቢት 2020 ወዲህ ያገኘቻቸው ውጤቶችም ተሰረዙ። በኦሎምፒክ የመሰናክል ፍጻሜ ኢትዮጵያን ወክላ የሮጠችው ዘርፌ ወንድማገኝ ደግሞ ቴስቶስትሮንና ኢፒኦ የሚባለው ቀይ የደም ሕዋስን የሚያበዛ መርፌ ተገኝቶባት አምስት ዓመት ታገደች። ስለ ሁለቱ እህቶቻችን ጉዳይ ከዚህ የረዘመ ነገር በአማርኛ የሰማችሁ ስንት ናችሁ? እኔ አልሰማሁም፤ ያውም ስፖርት ወዳድ ነኝ የምል ሰው ነኝ።

እንዴት እንዳልሰማሁም አስታውሳለሁ። ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ፤ ሬዲዮው ስለ አንድ የእንግሊዝ ክለብ አጥቂ የጡንቻ ጉዳት ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲተነትን ቆየ። የትኛው ጡንቻ እንደሆነ፣ ስንት ሳምንት እንደሚያስተኛው፣ በእርሱ ቦታ ማን ቢገባ እንደሚያዋጣ ሁሉ ተነገረን። ከዚያ አቅራቢው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ኢትዮጵያዊቷ አትሌት በአበረታች ቅመም ምክንያት መታገዷን በአንድ ትንፋሽ አነበበና «ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ስንመለስ» አለ። ከመመለሳችን በፊት ግን የአንድ ውርርድ ቤት ማስታወቂያ መጣ። ከተሳፋሪው ማንም ቀና አላለም፤ እኔም አላልኩም።

ጋዜጠኛውን ለመክሰስ አትቸኩሉ። በዚህ ሀገር አትሌቲክስን የሚዘግብ ሰው እንጀራው ምን ላይ እንደተንጠለጠለ እናውቃለን። ወደ ውጭ ውድድር የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ከልዑካኑ ጋር ተጠግቶ ነው፤ ዜና የሚያገኘው የአሰልጣኙና የማናጀሩ ስልክ ሲነሳለት ነው፤ ከበድ ያለ ጥያቄ የጠየቀ ዕለት ያ ስልክ መነሳቱን ያቆማል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሆኖም ትልቁ ፍርሃቱ እኛ ነን። አንድ አቅራቢ የታገደችን ሯጭ ጉዳይ በዝርዝር ላንሳ ቢል መስመሩን የሚያጨናንቁት ደዋዮች ምን እንደሚሉት አስቀድመን መናገር እንችላለን፤ የሀገር ገጽታ አታበላሽ፣ ለጠላት መሣሪያ አታቀብል፣ ባንዲራችንን ከፍ ያደረገች ልጅ ናት ይሉታል። ስለዚህ ገመናችን በአንድ ትንፋሽ ተነብቦ ያልፋል፤ እኛም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለን የሚያማክር ሳይሆን የሚያስጨበጭብ ጋዜጠኛ እናሳድጋለን።

እኔም ከዚህ ነጻ አይደለሁም። በፈረንጆቹ 2016 መጋቢት የዓለም አትሌቲክስ ፕሬዚዳንት ሰባስቲያን ኮ አበረታች ቅመምን የመከላከል ሥራቸው እጅግ አሳሳቢ ያላቸውን አምስት ሀገራት ሲጠራ የእኛ ስም ከኬንያ፣ ከሞሮኮ፣ ከዩክሬንና ከቤላሩስ ጋር አብሮ ነበር። ያን ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር ተቀምጠን ፈረንጆቹ በእግር ያልቻሉንን በወረቀት ሊጥሉን ነው ብለን በሙሉ ልብ ፈረድን። አንዳችንም የምርመራ ሥርዓታችን ምን ይመስላል፣ በዓመት ስንት ሯጭ ይመረመራል፣ ናሙናውስ ወዴት ተልኮ ይታያል ብለን አልጠየቅንም። የሚገርመው ሯጮቻችን በአፋቸው ውኃ ብቻ ይዘው እንደሚያሸንፉ የምናምነው እኛ፣ ስለ ሌላው ሀገር ሯጭ ስንሰማ ለመጠርጠር አንድ ደቂቃ አይፈጅብንም።

ለዚህ ከኬንያዋ ሩት ቼፕንጌቲች የተሻለ ማስረጃ የለም። በጥቅምት 2024 ቺካጎ ላይ ማራቶንን በ2:09:56 ስትጨርስ የሰበረችው የእኛዋ ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ በ2023 ያስመዘገበችውን 2:11:53 ነበር። ከውድድሩ በኋላ አንድ ጋዜጠኛ ፊት ለፊት የጥርጣሬ ጥያቄ ሲያቀርብላት ብዙ ኬንያውያን እንደ ስድብ ቆጥረው ተቆጡ፤ እኛ ደግሞ ለጋዜጠኛው አጨበጨብን። በ2025 ሴትዮዋ የሦስት ዓመት እገዳ ሲጣልባት ማኅበራዊ ሚዲያችን ላይ የነበረውን ፌሽታ አይታችኋል፤ በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይህ ነው። ያን የቺካጎ ጥያቄ አንድ የውጭ ጋዜጠኛ ቦሌ ላይ አበባ ታቅፋ ለምትወርድ ሯጫችን ቢያቀርበው ምን እንደምናደርገው ግን ራሳችሁን ጠይቁ። ኬንያውያኑ ያደረጉትን ነው የምናደርገው፤ ምናልባትም ከዚያ የባሰ።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ዝምታችን ነው፤ ከዝምታችን የሚከፋው ግን ዝምታው ሲያልቅ የምናደርገው ነው። ጥፋቱ ሊደበቅ በማይችልበት ጊዜ ያቺው ልጅ በአንድ ሌሊት የእኛ መሆኗ ይቀራል። በ1988 ሴኡል ላይ ቤን ጆንሰን መቶ ሜትርን በ9.79 ሮጦ ወርቅ ሲያጠልቅ ካናዳዊ ጀግና ነበር፤ ስታኖዞሎል የሚባል ጡንቻ የሚያፈረጥም የተከለከለ መድኃኒት ተገኝቶበት ሜዳሊያው ሲነጠቅ አንዳንዶች ጃማይካ መወለዱን በድንገት አስታወሱ። ይህን ታሪክ ስንሰማ እንስቃለን። ይሁንና ካናዳ ከሣቁ በኋላ ያደረገችውን ልብ በሉ፤ መንግሥት በዳኛ የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቁሞ አሰልጣኙንም ሐኪሙንም ሯጩንም በመሐላ አስቀምጦ በአደባባይ ጠየቀ፤ የተባለውም ሁሉ በጋዜጣና በቴሌቪዥን ለሕዝብ ደረሰ። እኛ ከካናዳ የወሰድነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። አንዲት ሯጭ ስትታገድ ከዜናው ሥር የሚጻፈውን ያነበበ ሰው ያውቃል፤ ባሸነፈች ጊዜ ማንም ያልጠየቀው የትውልድ ቀበሌዋ፣ ብሔሯና ቋንቋዋ በጥፋቷ ቀን ይቆጠራል፤ የእነ እገሌ ልጅ ትባላለች፤ የሌላው ወገን ደግሞ ለመልስ ምት የራሱን ዝርዝር ይዞ ይመጣል። በወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል የሚለው የአባቶች አባባል ለዚህ ያንሳል፤ እኛ ዛፉ የበቀለበትን መሬት ጭምር ነው የምንቆርጠው።

በዚህ ጥድፊያ ንጹሕም አብሮ ይቆረጣል። አዲግራት ተወልዳ ለስዊድን የሮጠችውና በ2013 ሞስኮ ላይ የ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው አበባ አረጋዊ በ2016 መጀመሪያ ሜልዶኒየም የሚባል የልብ መድኃኒት ተገኘባት ተብሎ ስትታገድ ወሬው ዓለምን አዳረሰ፤ እኛም ስንቀባበለው ሰነበትን። ከጥቂት ወራት በኋላ መድኃኒቱ ከሰውነት ለመውጣት ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ በቂ ማስረጃ ስላልነበረና የተገኘባት መጠንም አነስተኛ ስለሆነ እገዳው ተነሣላት። መታገዷን የሚያውቁ ብዙዎችን አግኝቻለሁ፤ መነሣቱን የሚያውቅ ግን እስካሁን አንድም አልገጠመኝም።

የስፖርት ጋዜጠኝነት ሥራው እዚህ ላይ ነበር። ጥፋትን በልኩ መንገር ዕውቀት ይጠይቃል። የፀሐይ ገመቹ ጉዳይ ለምሳሌ በአንድ ብልቃጥ ሽንት ውስጥ የተገኘ ነገር አይደለም፤ ባዮሎጂካል ፓስፖርት በሚባለው አሠራር ለዓመታት ከተወሰዱ የደም ናሙናዎች የተገኙት ቁጥሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ባለሙያዎች በተፈጥሮ ሊመጣ አይችልም ያሉት መዋዠቅ በመታየቱ የተወሰነ ነው። ከዘርፌ ጉዳይ የተለየ ነው። ከፖግባም የተለየ ነው። አንድን ተጫዋች ከጨዋታ ውጪ ለመባል ስንት ሴንቲሜትር እንዳለፈ በስልኩ ስክሪን ላይ መስመር እያሰመረ የሚያስረዳን ተንታኝ ይህን ማስረዳት አያቅተውም። ጠያቂ አጥቶ ነው። ጠያቂው ደግሞ እኛ ነበርን።

ሌላም ያልጠየቅነው አለ። ኢፒኦ በገበያ መሐል የሚሸጥ ነገር አይደለም፤ ኩላሊታቸው የደከመ ሕሙማን የደም ማነሳቸውን የሚታከሙበት መርፌ ነው። ከገጠር መጥታ ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ ቤት ተከራይታ የምትለማመድ፣ ትምህርቷን በመሐል ያቋረጠች አንዲት ወጣት የመርፌውን ስም ከየት አወቀችው? ማን ገዛላት፣ ማን ወጋት፣ ለውድድሩ ስንት ቀን ሲቀረው ማቆም እንዳለባት ማን ነገራት? በሩጫው ሕግ በሰውነቷ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂዋ እርሷው ናት፤ ይህ የታወቀ ነው፤ እኔም አላወቅሁም ነበር የምትለዋን ሁሉ ንጹሕ ናት አልልም። ነገር ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ለስፖርተኛ የተከለከለ አበረታች ነገር የሚሰጠውንም ሰው ያስቀጣል፤ ሕጉ ያየውን እጅ እኛ ለማየት አልፈለግንም። የሽልማቱን ገንዘብ ከእርሷ ጋር የተካፈሉት ማናጀር፣ አሰልጣኝና ባል በእገዳው ዜና ውስጥ ስማቸው አይነሳም። ልጅቱ ትታገዳለች፤ እነርሱ በሚቀጥለው ወር ሌላ ልጅ ይዘው ሜዳ ይወርዳሉ፤ ጋዜጠኛውም ስለ አዲሷ ተስፈኛ ቃለ መጠይቅ ያደርግላቸዋል። ስለዚህ የምላችሁ አጭር ነው። የሚቀጥለው እገዳ ሲነገር ወደ ጣቢያው ደውሉና የአሰልጣኟን ስም ጠይቁ፤ የመርፌውን መንገድ ጠይቁ፤ አቅራቢው አላውቅም ካለ እንዲያጣራና በሌላ ቀን እንዲመለስበት ጠይቁ። ስለ ፖግባ ሐኪም የጠየቃችሁትን ያህል ብቻ ይበቃል።

ባለፈው ሰሞን ጸጉሬን ከምስተካከልበት ቤት ገብቼ ከመስተዋቱ በላይ የነበረች የአንዲት ሯጭ ፎቶ መነሣቷን አየሁ፤ ምስማሩና ግድግዳው ላይ የቀረው ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ብቻ ይታያል። ወዴት ሄደች አልኩት። «ጋሼ፣ አሳፈረችን እኮ!» አለኝ ማሽኑን እያራገፈ። ምን ወስዳ እንደተገኘች፣ ለስንት ጊዜ እንደታገደች ጠየቅሁት፤ አላወቀም፤ ፌስቡክ ላይ ነው ያየሁት አለ። ከባዶው ቦታ በስተቀኝ በ2008 ሞስኮ ላይ የአውሮፓን ዋንጫ ያነሳው የማንቸስተር ዩናይትድ ቡድን አለ፤ ከፊት አምበሉ ሪዮ ፈርዲናንድ ይስቃል። እርሱም በ2003 ለምርመራ ናሙና ሳይሰጥ ከልምምድ ቦታ በመሄዱ ስምንት ወር ታግዶ እንደነበር ነገርኩት። ማሽኑን አጥፍቶ በመስተዋቱ ውስጥ አየኝና «እሱማ ረስቶ ነው» አለ።