«ዶክመንቴሽኑን ያንብብ» ብሎ መልስ የለም!

አሁን ከኮድ ሪቪው (ኮድ ከሚገመገምበት ስብሰባ) መውጣቴ ነው። ደሜ ፈልቷል።

ያቺው የሪድ ነገር ናት፣ ከፋይል ወይም ከኔትወርክ ዳታ የምታነበው ፈንክሽን። 4096 ባይት ስጪኝ ትሏታላችሁ፣ 1200 ትሰጣችሁና ዝም ትላለች። ኤረር የለ፣ ምን የለ። የቀረው የባፈሩ (የተነበበው ዳታ የሚቀመጥበት የሜሞሪ ቦታ) ክፍል የድሮ ዳታ እንደያዘ ይቀመጣል። ከዲስክ ሲነበብ አብዛኛውን ጊዜ ሞልቶ ስለሚመጣ ቴስቱ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ኔትወርክ ላይ ሲወጣ ነው ጉድ የሚፈላው። ቲሲፒ (ኔትወርክ ላይ ዳታ የሚያጓጉዘው ፕሮቶኮል) ባይቶቹን በቅደም ተከተል ያደርሳል እንጂ ላኪው በላከበት መጠን ከፋፍሎ የማምጣት ግዴታ የለበትም።

እኔ ያልኩት ቀላል ነው። ሁለት ሜቶድ ይኑር። አንዱ «የተገኘውን ያህል ስጠኝ»፣ ሌላው «ልክ ይህን ያህል፣ ካልሆነ ኤረር»። ስትሪሙ (የሚነበበው የዳታ ፍሰት) ማለቁና መበላሸቱም ይለይ። በቃ!

ሰውዬው ስክሪኑን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ፣ «እስኪሞላ ደጋግሞ የሚያነብ ሉፕ መጻፍ ያቅትሻል እንዴ?» አለኝ።

«ለእኔ አይደለም፣ ለሚጠቀምበት ሰው ነው።»

«የሚጠቀምበት ሰው ዶክመንቴሽኑን ያንብብ።»

ሁሉም ሳቁ። ትናንት በቻት «ልክ ነሽ» ያለኝ ልጅ ራሱ ሳቀ!

እሺ፣ ዶክመንቴሽን ማንን አዳነ? በሲ ቋንቋ ጌትስ የሚባለው ፈንክሽን የባፈሩን ስፋት ሳይጠይቅ መስመር ያነብ ነበር። 1988 ላይ የሞሪስ ዎርም፣ ያ ራሱን እያባዛ በኢንተርኔት የተሰራጨው ፕሮግራም፣ በእሱ ቀዳዳ በፊንገር ሰርቨር (ስለ ተጠቃሚዎች መረጃ የሚሰጥ ፕሮግራም) በኩል ገባ። ከሲ ስታንዳርድ የወጣው ግን 2011 ላይ ነው። እስከዚያ ሁሉ «ተጠንቀቁ» ሲባል ተኖረ። የጃቫው ሪድ አንድ ባይት ሲያነብ ኢንት (ከባይት የሰፋ ሙሉ ቁጥር) የሚመልሰው -1 የማለቂያ ምልክት እንዲሆን ነው። ከ-1 ጋር ሳያወዳድር ወደ ባይት የቀየረው ሰው ግን 255 ሲመጣለት -1 ይሆንበትና «ፋይሉ አለቀ» ብሎ ያቆማል። ባለፈው ምስሎቹ መሃል ላይ የተቆረጡት በምን ነበር? ሌሊቱን ሙሉ ያሳደድኩት እኔ ነኝ። «ተባረኪ» ያለኝ አንድ ሰው የለም።

የአማርኛው ጽሑፍስ? አንድ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በባይት መጻፊያ ዘዴ) 3 ባይት ነው። ባፈሩ ፊደሉ መሃል ላይ ሲሞላና ቁራጩ ለብቻው ሲፈታ፣ «ሰላም» ውስጥ የተቆረጠው ፊደል የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ያኔም «ፎንቱ ነው» ተብሎ ታለፈ።

ውሳኔው? «በሚቀጥለው ቨርዥን እናየዋለን።» ሰው አንዴ ኮዱን ከሠራበት በኋላ ማን ደፍሮ ይቀይረዋል? ይህን እሱም አሳምሮ ያውቃል። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ወንበሬ ላይ እንደተመለስኩ በየጥሪው አንድ ባይት ብቻ የሚሰጥ የሙከራ ስትሪም ጽፌ ቴስቱ ውስጥ ከተትኩ። ግማሹ ቀይ ሆኗል። የሚጠግነው ይጠግነው፣ እኔ ዛሬ ደክሞኛል።