ቺናማስታ ራሷን የሰጠች እንጂ ደም የጠማት አይደለችም
ስለ ቺናማስታ የወጣው ጽሑፍ፣ ከ10ሩ ማሃቪዲያዎች (በሂንዱ እምነት በአንድነት ከሚቆጠሩ ሴት አማልክት) አንዷ የሆነችውን ይህችን አምላክ «ደም የጠማት አምላክ» ማለቱ ምስሏን በቅጡ ካለማየት የመጣ ነው። በግራ እጇ የያዘችው የተቆረጠ ራስ የጠላት ሳይሆን የገዛ ራሷ ነው፤ ከአንገቷ በ3 መስመር ከሚፈሰው ደም ሁለቱ ግራና ቀኝ ወደቆሙት አገልጋዮቿ ወደ ዳኪኒና ቫርኒኒ አፍ ሲገባ፣ ሦስተኛውን ያው የተቆረጠው ራሷ ይጠጣዋል። ትውፊቱም ወንዝ ወርደው ሲታጠቡ አገልጋዮቿ ረኀብ ቢጠናባቸው አንገቷን ቀልታ በደሟ እንዳጠገበቻቸው ይተርካል፤ ይህን መሥዋዕትነት ትቶ ስለ አስፈሪነቷ ብቻ መጻፍ የምእመናኑን እምነት ማዛባት ነው። በዚያው ጽሑፍ ሥር «አምልኮዋ ድሮ ቀርቷል» ላሉት አስተያየት ሰጪ ደግሞ፣ በሕንድ ጃርካንድ ግዛት የዳሞዳርና የቤራ ወንዞች በሚገናኙበት በራጅራፓ ያለው ቤተ መቅደሷ ዛሬም ምእመናን ይጎርፉበታል፤ ፍየልም ይሠዋበታል።