እገዳውን የሚያግድ እግድ

ፍርድ ቤት መመላለስ የሰለቸው ሰው ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ብቅ ይበል። እዚህ ቡና ጠረጴዛ ላይ የሚሰየም ችሎት አለን። ቀጠሮ አያውቅም፤ መዝገብ አይጠፋበትም። ዳኛውም ዐቃቤ ሕጉም ምስክሩም አንድ ሰው ስለሆነ ወጪ የለውም።

የዚህን ችሎት ግርማ ያየሁት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 10 ቀን 2023፣ ዓርብ ነው። ቢግ ቴን የሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ማኅበር የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲን የአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኝ ጂም ሃርባውን ለሦስት ጨዋታ አገደ። (ስሙ አሥር ይበል እንጂ ያኔ 14 አባላት ነበሩት። ደንብ ላይ ነው እንጂ ቁጥር ላይ አያጠብቅም።) የቡድኑ ሠራተኛ የነበረው ኮነር ስታሊየንስ የተጋጣሚ አሰልጣኞች ለተጫዋቾቻቸው የሚያሳዩትን የጨዋታ ምልክት ለማስቀረጽ ስታዲየም ሰው ይልክ ነበር ተብሎ ነው። እገዳው ሲሰማ ቡድኑ ለቅዳሜው ጨዋታ ወደ ፔን ስቴት እየበረረ ነበር። ዩኒቨርሲቲውም ዋሽተናው ካውንቲ ፍርድ ቤት ሮጦ እገዳውን የሚያግድ እግድ ጠየቀ።

እገዳው ራሱ ጉድ ነው። ሰውዬው ሳምንቱን ሙሉ ማሰልጠን ይችላል፤ በጨዋታው ቀን ግን ሜዳው ጋ ዝር አይልም። ድግሱን ደግሰህ ስታበቃ የሰርጉ ዕለት ቤትህ ዋል እንደመባል።

ማታ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከተማ አን አርበር ያለው የአክስቴ ልጅ ደወለ። የቤት ኪራይ ውሉን ሳያነብ የፈረመ ልጅ ነው። «ሊተካ የማይችል ጉዳት!» አለኝ፣ ሰላም እንኳ ሳይል። «ሳይሰሙት ፈረዱበት እኮ!» የክስ ማመልከቻውን ስልኩ ላይ አንብቦ ጨርሷል። ሰው ለሕግ ትምህርት ስንት ዓመት ያቃጥላል፤ እሱ ከራት እስከ መኝታ ተመረቀ።

በማግስቱ ቡና ቤት ወዳጄ የከተማችንን ዩኒቨርሲቲ፣ የሚሺጋንን ባላንጣ የኦሃዮ ስቴትን ቀይ ኮፍያ ደፍቶ ጠበቀኝ። «ሕግ ሕግ ነው» አለ፣ ማኪያቶውን እያማሰለ። አባቶቻችን በላ ልበልሃ ሲሉ በቅሎ ያስይዙ ነበር፤ እሱ የሚያስይዘው ማኪያቶውን ነው፣ እሱንም እኔ ነኝ የምከፍለው። በ2011 የኦሃዮ ስቴቱ ጂም ትሬስል ችግር ላይ ሲወድቅ ይሄው ወዳጄ እንባ ቀረሽ ሙግት ገጥሞ ነበር። ተጫዋቾቹ ቀለበትና ማሊያቸውን በንቅሳት ሲለውጡ እያወቀ ደብቋል ተብሎ ሲታገድ፣ ኋላም ሥራውን ሲለቅ፣ «ልጆቹ የራሳቸውን ዕቃ ቢሸጡ ምናለ?» ይል ነበር። አቋም የለውም እንዳትሉ። ያኔም ዛሬም ከቀዩ ማሊያ ንቅንቅ አላለም።

ቅዳሜ እግዱ ሳይደርስ ጨዋታው ደረሰ። ሚሺጋን ያለ ሃርባው 24 ለ 15 አሸነፈ። ክርክሩ ለሚቀጥለው ዓርብ ተቀጠረና ሁለቱም ሊቃውንት ሳምንቱን ሙሉ ስለ ዳኛው ሥልጣን አስተማሩኝ። ዋዜማው ሐሙስ ዩኒቨርሲቲው ክሱን አነሳ፤ የቀሩትን ሁለት ጨዋታዎች ዋጥ አደረገ። ቢግ ቴንም ምርመራውን ዘጋ።

የአክስቴ ልጅ ጋ ደወልኩ። «ያ ሊተካ የማይችለው ጉዳትስ?» አልኩት።

«ተተክቷል» አለኝ።

ኖቬምበር 25 ሚሺጋን ኦሃዮ ስቴትን 30 ለ 24 ሲረታ ወዳጄ አጠገቤ ነበር። ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣

«ስማ፣ ይግባኝ ስንት ቀን ነው?»