ቶርኖ አራተኛ ፎቅ አይወጣም

ሰሞኑን የአርክቴክቸር ተማሪዎች በድሬዳዋው የምድር ባቡር ግቢ ላይ የሠሩትን ንድፍ ሲያቀርቡ፣ ለግምገማ ከተጋበዙት መካከል አንድ የፕላን ባለሙያ ነገሩን ባጭሩ ቋጩት። ሥዕሉ ያምራል፤ ማምረት ግን ለኢንዱስትሪ ፓርክ የሚተው ነው፣ መሀል ከተማ የሚያስፈልገው አፓርታማ፣ የገበያ ማዕከልና ቱሪስት የሚስብ ነገር ነው አሉ። ተማሪዎቹ ያቀረቡት አሮጌዎቹን የጥገና አዳራሾች ሳያፈርሱ ለቶርኖ ቤት (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው ማሽን ለሚሠራበት)፣ ለብየዳ፣ ለእንጨት ሥራ፣ ለባጃጅ ጥገናና ለስፌት መመደብ፣ መኖሪያውን ደግሞ በግቢው ዙሪያ መሥራት ነበር። የለኩት፣ ያሰሉትና ሌሊት ያደሩበት ሥራ በ"ያምራል" ተሸኘ።

ይህን አስተያየት እንደዋዛ ማለፍ አይቻልም። የኮሪደር ልማቱ ድሬ ደርሷል፤ በመሀል ከተማ መሬት ላይ ዓይን በዝቷል። አዲሱ ባለ 1,435 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ከተማዋን በሩቁ አልፏት ከሄደ ወዲህ፣ የአሮጌው ባለ አንድ ሜትር ሐዲድ ግቢ ለብዙ ሰው ባዶ ቦታ መስሎ ይታያል። ባዶ አይደለም። ድሬ ከተማ ሆና ቆይታ ባቡር አልመጣላትም፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ መጥቶ ነው ከተማ የሆነችው። ግቢውም የሰው መሳፈሪያ ብቻ አልነበረም፤ መለዋወጫ የሚሠራበት፣ ሙያ ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚተላለፍበት የማምረቻ ቦታ ነበር።

ከቀረበው መከራከሪያ ሁሉ ደካማው ይኸው የኢንዱስትሪ ፓርክ ነገር ነው። የአገራችን ፓርኮች ሼድ ስፋቱ ይታወቃል። ቦሌ ለሚም ሆነ ሐዋሳ የተለመደው 5,500 ካሬ ሜትር፣ ትልቁ 11,000 ካሬ ሜትር ነው። ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ቱቦ) ቆርጦ በርና መስኮት የሚሠራ፣ አምስት ስድስት ሰው ያለው ማኅበር ግን 100 ካሬ ሜትር ካገኘ ሥራው ይሠራል። መተላለፊያው ተቀንሶ እንኳ በአንዱ ሼድ ውስጥ አርባ እንዲህ ያለ ወርክሾፕ ይገባል። ፓርኩ የታሰበው በኮንቴይነር አስገብቶ በኮንቴይነር ለሚልክ ነው። የበር ሠሪው ደንበኛ ሳቢያን በሚባለው የድሬ ሰፈር ቤት የሚያሠራ ሰው ነው፤ ሠሪው ልኬት ሊወስድ ይሄዳል፣ ባለቤቱ ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ እየመጣ ያያል፣ ቀለሙን ያስቀይራል፣ ቀሪውን ሒሳብ ይከፍላል። ወፍጮ ቤት ኩሽኔታው፣ ማለትም የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚይዘው ቀለበት፣ ሲበላ ወፍጮው የቆመበት እያንዳንዱ ሰዓት ገንዘብ ነው፤ ባለወፍጮው ዘንጉን (አልቤሮውን) በባጃጅ ጭኖ ሄዶ በዚያው ቀን አስቀርጾ መመለስ አለበት። ይህን ሥራ ከከተማ ማውጣት ማለት ሥራውን መዝጋት ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ስለ ከተማ ኢኮኖሚ ባይናገር ይሻላል።

"እሺ፣ እዚያው መሀል ከተማ ፎቅ ይሠራላቸው" የሚል ይኖራል። ተብሏልም። ለጥቃቅንና አነስተኛ ተብለው የተሠሩት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች የዚሁ አስተሳሰብ ውጤት ናቸው። ችግሩ ወለሉ ላይ ነው። ጉዳዩ ሁሉ እዚህ ስለሚያርፍ በቁጥር ልንገራችሁ።

የመኖሪያ ቤት ሶሌታ (የፎቅ ወለል ኮንክሪት) ሲሰላ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ እንዲችል ተደርጎ ነው፤ ለመጋዘን ሲሆን 750 ኪሎ። መካከለኛ ቶርኖ ሁለት ቶን ገደማ ይመዝናል፤ የሚይዘው ቦታ 2.5 ሜትር በ1 ሜትር ነው። በካሬ ሜትር 800 ኪሎ መሆኑ ነው፤ ያውም ክብደቱ እኩል ቢከፋፈል። እኩል ደግሞ አይከፋፈልም፤ በእግሮቹ ሥር ባሉት ቡሎኖች ላይ ነው የሚያርፈው። ይህም ገና ማሽኑ ሳይነሳ ነው። ቶርኖ ሲተከል በማሽን ሊቬላ እየታየ በአንድ ሜትር ርዝመት ውስጥ ከ0.02 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳያዘነብል ይስተካከላል፤ ከሰው ፀጉር ያነሰ ልዩነት ነው። ፎቅ ላይ ያለ ሶሌታ ከዚህ እጅግ የበለጠ ይረግባል፤ ጎረቤት ክፍል አንድ ኩንታል ብረት ሲወርድ ይንቀጠቀጣል። ያኔ የሚቀረጸው አልቤሮ አንዱ ጫፉ ወፍሮ ሌላው ቀጥኖ ይወጣል። በአንደኛው በኩል ኩሽኔታው አይገባም፣ በሌላኛው ገብቶ ይላወሳል። ሠራተኛው ማሽኑን ይረግማል፣ ደንበኛው ሠራተኛውን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን የወለሉ ነው። ለዚህ ነው ቶርኖ መሬት ላይ፣ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ኮንክሪት ላይ፣ ከሌላው ወለል ተለይቶ የሚተከለው።

ወለሉ ቻለ እንበል። ዕቃው እንዴት ይወጣል? ቱቦላሬ የሚመጣው በ6 ሜትር፣ ፌሮ በ12 ሜትር ነው። የስምንት ሰው ሊፍት የሚችለው 630 ኪሎ ሲሆን፣ ውስጡ 1.1 በ1.4 ሜትር ነው። በደረጃ ይውጣ ቢባል የ6 ሜትር ብረት እርከኑ ላይ አይዞርም። ስለዚህ ብረቱ ታች በረንዳ ላይ ይቆረጣል፣ ብየዳውም ታች ይሠራል፣ እግረኛ መንገዱ ወርክሾፕ ይሆናል፤ ከዚያ ደንብ አስከባሪ መጥቶ ይቀጣል። ላይ ያለው ክፍል የዕቃ ማስቀመጫ ይሆንና ቁልፉ ለወራት አይከፈትም። የዚህ ዓይነት ሕንፃ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሄዶ ላየ ሰው ምድር ቤቱ ተጨናንቆ፣ ላይኛው ፎቅ በሩ ዝግ ሆኖ መገኘቱ አዲስ ነገር አይደለም። ሰዎቹ ሰነፎች ሆነው ሳይሆን ሕንፃው ለሥራቸው ስላልተሠራ ነው።

አሁን የምድር ባቡሩን አዳራሽ ተመልከቱ። ወለሉ ብዙ አሥር ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ የተሸከመ ነው። በሩ ባቡር የሚያስገባ ነው። ከሐዲዱ ሥር ሠራተኛ ቆሞ የሚሠራበት ጉድጓድ አለው፤ ለከባድ መኪና ጥገና አዲስ መቆፈር አያስፈልግም። ጣሪያው ከፍ ያለ ስለሆነ በድሬ ሙቀት የብየዳው ጭስ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሰው ራስ ላይ አይቀመጥም። ዛሬ እንዲህ ያለ ወለልና በር ከባዶ እንሥራ ቢባል በሲሚንቶና በብረት ዋጋ ማን ይችለዋል? ይህን አፍርሶ አፓርታማ መሥራት፣ አፓርታማው የትም ሊሠራ በሚችልበት ከተማ፣ ሀብት ማባከን ነው። ሌላ ስም የለውም።

"ቅርስ ነው፣ ሙዚየም ይሁን" የሚሉትም ከዚህ ብዙ አይርቁም። አንድ አዳራሽ ሙዚየም ቢሆን ማንም አይቃወምም። ግቢው በሙሉ ቀለም ተቀብቶ፣ ማሽኖቹ በገመድ ታጥረው፣ ጥጉ ላይ ቡና ቤት ሲከፈት ግን ከሕንፃው ጋር የኖረው ሙያ ይሞታል። ቶርኖ ሲሽከረከር ነው ቅርስነቱ የሚታየው።

ተማሪዎቹ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቀዋል፤ የተሳሳቱበትም አለ። ገምጋሚው ሊነግሯቸው የሚገባው ይህን ነበር። አዲስ በጨመሩት አዳራሽ ላይ የአውሮፓ ፋብሪካዎችን የመጋዝ ጥርስ የመሰለ፣ አንድ ጎኑ መስኮት የሆነ ጣሪያ ወስደው መስኮቱን ወደ ሰሜን አዙረዋል። አውሮፓ ላይ ይሠራል፤ ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናት። ድሬ ግን ከምድር ወገብ በ9.6 ዲግሪ ብቻ ርቃ ነው ያለችው። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትውላለች፤ ያ ሁሉ መስታወት በዓመቱ ሞቃት ወራት ውስጥ ሙቀቱን ሠራተኛው ላይ ይለቅበታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መስታወቱን ማሳነስ፣ ከላዩ ጥላ ማውጣት፣ ጣሪያው ጫፍ ላይ ዳር እስከ ዳር ሙቀት ማስወጫ መክፈት።

መብራቱንም ዘንግተውታል። አንድ ወርክሾፕ ቶርኖ 5.5 ኪሎ ዋት፣ ብየዳ 8፣ ኮምፕረሰር 4 አድርጎ፣ መቁረጫና መብራት ሲጨመር 20 ኪሎ ዋት ይደርሳል። አሥር ወርክሾፕ 200 ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይሠሩ 120 ብለን ብንይዝ ለእያንዳንዱ አሥር ወርክሾፕ አንድ ባለ 200 ኪሎ ቮልት አምፒር ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። የትራንስፎርመሩ ቦታና መኪና የሚደርስበት መንገድ በንድፉ ላይ ካልተያዘ፣ በኋላ የሚተከለው መግቢያው በር ላይ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን አፈሩ ነው። መቶ ዓመት ነዳጅና ዘይት የፈሰሰበት ግቢ ነው፤ የድሬ አፈር ደግሞ አሸዋማ ነው፣ የከተማዋ ውኃም ከጉድጓድ ነው የሚወጣው። ነዳጅ ይቀዳበት፣ ቀለም ይቀባበት በነበረው ቦታ ሁሉ በግማሽ ሜትርና በአንድ ሜትር ተኩል ጥልቀት ናሙና ሳይወሰድ አንድ መሠረት መቆፈር የለበትም። ተማሪዎቹ የዝናቡን ውኃ በቀጥታ ወደ መሬት የሚያሰርግ ጉድጓድ ስለዋል፤ ያው ጉድጓድ ዘይቱን ወደ ከርሰ ምድር ውኃው ይዞ ሊወርድ ይችላል። ጎርፉን ደግሞ ማንም የድሬ ሰው አይረሳውም፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ያደረገውን ያየ ከተማ ውስጥ አሸንዳና ቦይ የመጨረሻ ገጽ ላይ አይቀመጥም። ጣሪያው ላይ አስቤስቶስ ከተገኘም በመዶሻ መሰባበር ክልክል ነው፤ በውኃ እየራሰ፣ ቡሎኑ እየተፈታ፣ ሙሉ ቆርቆሮው እንዳለ ወርዶ በፕላስቲክ ይጠቀለላል።

ይህ ሁሉ የሚታረም ስህተት ነው። የአፓርታማው ሐሳብ ግን ከመነሻው የተሳሳተ ስለሆነ በእርማት አይድንም።

ጩኸቱስ? መልስ አለው። መፍጫ ማሽን አንድ ሜትር ላይ 100 ዴሲቤል ይጮኻል፤ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ስለሚቀንስ ክፍት ሜዳ ላይ 32 ሜትር ሲርቅ 70 ይሆናል። በሁለት በኩል የተለሰነ የ20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ግድግዳ 45 ዴሲቤል ያህል ይቆርጣል። የሚያበላሸው በሩ ነው፤ በድሬ ሙቀት በር ዘግቶ የሚበይድ የለም። ስለዚህ የወርክሾፖቹ በር ሁሉ ወደ ውስጥኛው ግቢ ይከፈታል፣ ወደ መኖሪያው በኩል ግድግዳ ብቻ ይሆናል፣ በመካከል ስፌትና መጋዘን ይገባል። ተማሪዎቹ በትክክል ይህንኑ ነው የሳሉት። ገምጋሚው ፕላኑን ቢያነቡት ኖሮ ያዩት ነበር።

የቀረው የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ እውነተኛው ምክንያትም ይህ ይመስለኛል። አፓርታማ ቶሎ ይሸጣል። አዲስ አበባ ለገሃር ላይ በ2011 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው ፕሮጀክት 36 ሄክታር ነው፤ ሲነገርለት የሰማነው ስለ መኖሪያ፣ ስለ ሆቴልና ስለ ገበያ ነው፤ የጣቢያው ሕንፃም እንደ ጌጥ መሀል ላይ እንደሚቀር። ድሬ ይህን መቅዳት የለባትም። ኒው ዮርክን የመሰለ፣ መሬቱ በወርቅ የሚመዘን ከተማ እንኳ የብሩክሊኑ የባሕር ኃይል የመርከብ መሥሪያ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲዘጋ ግቢውን ገዝቶ በእጁ አቆየው። ለትርፍ ያልቆመ ኮርፖሬሽን ያስተዳድረዋል፤ ዛሬ ከ500 በላይ ድርጅቶች ተከራይተው ይሠሩበታል፣ ብዙዎቹም አምራቾች ናቸው። መሬቱ አልተሸጠም፤ ቢሸጥ ኖሮ ዛሬ እዚያ ብረት የሚቆርጥ አይገኝም ነበር። በሊዝ አንድ ጊዜ የሄደ መሬትም ለአሥርት ዓመታት አይመለስም።

ስለዚህ ማንም ጨረታ ከማውጣቱ በፊት ግቢው ይለካ። በየአዳራሹ ወለሉ በሦስት በሦስት ቦታ ተበስቶ ውፍረቱ ይታይ፤ የጣሪያው ተሸካሚ ብረት ምን ያህል በዝገት እንደሳሳ በመለኪያ ይመዝገብ፤ አፈሩ ይመርመር፤ በከተማው ያሉ ቶርኖ ቤቶችና በያጆች ስንት ካሬ ሜትር፣ ስንት ኪሎ ዋት እንደሚፈልጉ ቤት ለቤት ይጠየቁ። አንድ መምህር፣ ሃያ ተማሪና አንድ የወለል መብሻ ማሽን በአንድ ወር ይጨርሱታል። ጊዜውም ክረምት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ተማሪው ዕረፍት ላይ ነው፣ ጣሪያው የት እንደሚያፈስና ውኃው በየት በኩል ወደ ደቻቱ እንደሚወርድ በዓይን ይታያል።